ከተርሞንት ዋና መንገድ እስከ ካቶክቲን ጫካ፦ ከጓደኞች ጋር ለአንድ ቀን ጂኦካቺንግ የሚወጣ ቡድን መመሪያ

ጂኦካቺንግ ሌሎች ተጫዋቾች ደብቀው ቦታውን በኢንተርኔት ያስታወቁትን ዕቃ በጂፒኤስ እየተመሩ ፈልጎ የማግኘት ጨዋታ ነው። የተደበቀው ዕቃ ካሽ ይባላል። ያገኘው ሰው በውስጡ ባለው ወረቀት ላይ የተጫዋች ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፤ ከዚያም ዕቃውን በነበረበት ሁኔታ መልሶ ደብቆ ይሄዳል። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ሲያቆም፣ እስከ መቶ ሜትር ይሳሳት የነበረው መሣሪያ በአንድ ሌሊት እጅግ ትክክለኛ ሆነ። በማግሥቱ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት ቢቨርክሪክ አጠገብ አንድ የፕላስቲክ ባልዲ ደብቆ የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር (መጋጠሚያ) አስታወቀ፤ ጨዋታውም ከዚያ ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ።

ይህ መመሪያ የሚናገረው በሜሪላንድ ግዛት ፍሬድሪክ ካውንቲ ስለምትገኘው ስለ ትንሿ ከተማ ተርሞንትና ከበላይዋ ስላለው የካቶክቲን ተራራ ጫካ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ለሚኖሩ ወገኖች ከተማዋ በኢንተርስቴት 270 እና በሀይዌይ 15 በኩል ከሁለት ሰዓት ባነሰ የመኪና ጉዞ ስለምትደረስ፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ ለመመለስ የተመቸች ናት። ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ምክር ልስጥ፦ የቀኑን ስኬት በተገኙት ካሾች ብዛት አይለኩ። በከተማ ሦስት፣ በጫካ ሦስት ወይም አራት ካሽ በጥንቃቄ ተመርጠው ከተፈለጉ ቀኑ ይሞላል። ሃያ ለማግኘት የሚሮጥ ቡድን ግን ከመኪና እየወረደ ስም ጽፎ ከመመለስ በቀር አገሩን ሳያየው ይመሽበታል።

ቡድኑና ወቅቱ

ከአራት እስከ ስድስት ሰው ያለው ቡድን ተስማሚ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በጫካው ውስጥ መሬቱ ይረጋገጣል፣ በከተማውም የሰው ዓይን ይበዛል። ልጆች ካሉ በጣም ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ልጅ የሚያየው ከፍታ አዋቂ ከሚያየው ስለሚለይ ብዙ ጊዜ ካሹን ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነው።

ከወቅቶች ሁሉ የምመርጠው ቅጠል የረገፈበትን የመከር መጨረሻና ቅጠል ያልለበሰውን የጸደይ መጀመሪያ ነው። ያን ጊዜ የጂፒኤሱ ምልክት በቅጠል አይሸፈንም፣ ድንጋዩና የወደቀው ግንድም በግልጽ ይታያል። በበጋ ቅዳሜና እሑድ የከኒንግሃም ፎልስ ስቴት ፓርክ ለመዋኘት በሚመጣ ሰው ስለሚጨናነቅና መኪና ማቆሚያው ሲሞላ በሩ ስለሚዘጋ፣ በዚያ ወቅት የሚሄድ ሰው በማለዳ መድረስ አለበት። በመከር ደግሞ የአጋዘን አደን ወቅት አለ። አደን የሚፈቀድበትን ቀንና ቦታ ከግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አስቀድመው ይመልከቱ፤ ጫካ የሚገባም ሁሉ ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ወይም ኮፍያ ያድርግ።

ካሾቹን ከቤት ሆኖ መምረጥ

የቀኑ ግማሽ ሥራ የሚሠራው በዋዜማው ማታ ነው። በጂኦካቺንግ ዶት ኮም ነጻ አካውንት ይክፈቱና የተርሞንትን ካርታ ያውጡ። በነጻ አካውንት በስልኩ አፕ ላይ ሁሉም ካሽ አይከፈትም፤ ስለዚህ ከቡድኑ አንድ ሰው ክፍያ ያለው አባልነት ቢኖረው ይጠቅማል፣ ለአንድ ቀን ጀማሪ ግን ነጻው ይበቃል።

እያንዳንዱ ካሽ ሁለት መለኪያዎች አሉት፣ ሁለቱም ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣቸዋል። የመጀመሪያው ለማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር፣ ሁለተኛው ወደ ቦታው የሚወስደው መንገድ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገልጻል። ሰዎች ሁለቱን ስለሚያምታቱ ልብ ይበሉ፦ ለማግኘት አንድ ኮከብ፣ ለመድረስ አራት ኮከብ የተሰጠው ካሽ ቦታው ላይ ሲደርሱ ወዲያው የሚታይ ቢሆንም እዚያ ለመድረስ ገደል መውጣት ሊጠይቅ ይችላል። ጀማሪዎች ወይም ልጆች ያሉበት ቡድን በሁለቱም ከሁለት ኮከብ ባይበልጥ እመክራለሁ። ከዓይነቶቹም ትራዲሽናል የሚባለውን ያስቀድሙ፤ የተሰጠው ቁጥር በቀጥታ ካሹ ወዳለበት ያደርሳል። መልቲ የሚባለው ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው እያስተላለፈ ስለሚሄድ በቀን አንዱ ይበቃል።

ቀጥሎ ከቀደሙት ፈላጊዎች የተጻፈውን ያንብቡ። መጨረሻ የተገኘው መቼ ነው? በተከታታይ ሦስት አራት ሰዎች አጣነው ብለው ከጻፉ ካሹ ተወስዶ ሊሆን ስለሚችል ይዝለሉት። ባለፉት ሳምንታት የተገኘ፣ ፈላጊዎቹም ከአንድ መስመር ያለፈ ምስጋና የጻፉለት ካሽ ግን በእርግጥ የሚያስደስት ቦታ ላይ ያለ ነው። እኔ ከኮከቡ ይልቅ ይህን ጽሑፍ አምናለሁ።

እዚህ ላይ የመሬቱን ባለቤትነት ማወቅ ያስፈልጋል። ከተርሞንት ወደ ምዕራብ የሚወጣው መንገድ 77 በሁለት ፓርኮች መካከል ያልፋል፦ በሰሜን በፌዴራል መንግሥት የሚተዳደረው ካቶክቲን ማውንቴን ፓርክ፣ በደቡብ የሜሪላንድ ግዛት የሆነው ከኒንግሃም ፎልስ አለ። በፌዴራሉ ፓርክ መሬት ላይ ያለ ፈቃድ ዕቃ ደብቆ መሄድ ክልክል ስለሆነ፣ በእንዲህ ያለ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ዕቃ የሌላቸው ካሾች ናቸው። ቨርቹዋል የሚባለው ከቦታው ላይ አንድ መልስ እንዲያገኙ ወይም ፎቶ እንዲያነሡ ይጠይቃል፤ ኧርዝካሽ የሚባለው ስለ ድንጋዩና ስለ መሬቱ አፈጣጠር ተመልክተው ለባለቤቱ መልስ እንዲልኩ ያደርጋል። ካምፕ ዴቪድ የሚባለው የፕሬዚዳንቱ ማረፊያም በዚሁ ፓርክ ውስጥ ስለሚገኝና አካባቢው ለሕዝብ ዝግ ስለሆነ፣ የተከለከለ ነው የሚል ሰሌዳ ካዩ ስልኩ ወደፊት ቢያመለክትም እንኳ ይመለሱ።

በመጨረሻም የመረጧቸውን ካሾች ከነመግለጫቸው፣ የአካባቢውንም ካርታ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈቱ አድርገው ስልክ ላይ ያውርዱ፤ በተራሮቹ መካከል የስልክ መስመር ሊጠፋ ይችላል። ይህን ቢያንስ ሁለት ሰው ያድርገው።

የሚያዝ ዕቃ

ሁለት እስክሪብቶ፣ ጫፉ ቀጭን ወረንጦ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ጓንት፣ መደገፊያ በትር፣ ውኃ፣ ትንንሽ ዚፕ ያላቸው የፕላስቲክ ከረጢቶች፣ ጥቂት ደረቅ ወረቀትና የቆሻሻ ፌስታል ይያዙ። እስክሪብቶውን ማንም አይርሳ፤ በትንንሾቹ ካሾች ውስጥ እስክሪብቶ አይገባም፣ ስሙ በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ሰው ደግሞ አገኘሁ ሊል አይችልም። ረጅም ሱሪና የተሸፈነ ጫማ ግዴታ ነው። ለምሳ የሚበላው የቡድኑ ምርጫ ነው፤ ለመንገዱ ግን ቆሎን የሚተካ አላውቅም፣ ጾምም ሆነ ፍስክ ያገለግላል፣ አይበላሽም፣ በኪስ ይያዛል።

በከተማ ውስጥ መፈለግ

ቀኑን ከከተማው እንዲጀምሩ እመክራለሁ። ርቀቱ አጭር ነው፣ ቡድኑም ዓይኑን ያለማምዳል። በተርሞንት ዋና መንገድና በድሮው የትራም መስመር ላይ በተሠራው የእግር መንገድ መኪናውን አቁሞ በእግር መዘዋወር ይቻላል።

በከተማ የሚደበቁ ካሾች ትንንሾች ናቸው። የፎቶ ፊልም ማስቀመጫ የምታህል ቆርቆሮ፣ ማግኔት ያለው የቁልፍ ሳጥን፣ ወይም ከጣት ጫፍ የማትበልጥ ናኖ የምትባል ብረት ይሆናሉ። የሚደበቁበትም ቦታ የታወቀ ነው፦ በመንገድ ዳር መከላከያ ብረት ጀርባ፣ ከአግዳሚ ወንበር ሥር፣ በሰሌዳ ምሰሶ ኋላ፣ በመብራት ምሰሶ ግርጌ ባለው ተንቀሳቃሽ የብረት ሽፋን ውስጥ። ሽፋኑን ቀስ አድርገው ያንሡ፣ ተርብ ሊኖር ይችላል። የኤሌክትሪክ ሳጥን ግን ፈጽሞ አይክፈቱ፣ በቡሎን የታሠረ ነገር አይፍቱ፤ ካሽ ለማግኘት መሣሪያ ይዞ መፍታት የሚያስፈልግ ከሆነ መግለጫው ይናገራል።

ናኖ ስትገኝ በውስጧ ያለው ወረቀት ከጣት ያነሰ ስፋት ያለው የተጠቀለለ ቅዳጅ ነው። በወረንጦው ይሳቡት፣ አንድ ሰው ሁለቱን ጫፎች ይያዝ፣ ሌላው ይጻፍ። በቡድን ከሆናችሁ የእያንዳንዱን ስም ለየብቻ መጻፍ ቦታ ስለሚፈጅ፣ ጠዋት አንድ የቡድን ስም አውጥታችሁ እሱን ከቀኑ ጋር ጻፉ። ሲመልሱት ከነበረው አጥብቀው ይጠቅልሉት፤ ላላ ያለ ጥቅል በክዳኑ ጥርስ ውስጥ ገብቶ ይቀደዳል፣ ውኃም ያስገባል።

በትንሽ ከተማ አምስት ሰው አንዱን ምሰሶ ከቦ ሲያጎነብስ ነዋሪው መጠራጠሩ አይቀርም። ለእኛ መልካችንም አነጋገራችንም የእንግዳ በሆነበት ቦታ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ስለዚህ በግልጽ ልናገር። አትደበቁ። አጠገባችሁ ሱቅ ካለ አስቀድማችሁ ሰላም በሉ፣ ቡና ግዙ፣ ምን እንደምትፈልጉ ተናገሩ፤ ባለሱቆች ብዙውን ጊዜ ካሹ መኖሩን ያውቃሉ። የሚፈልጉት ሁለት ሰዎች ይሁኑ፣ ሌሎቹ ራቅ ብለው ይቀመጡ። ፖሊስ ከመጣ ፍለጋውን ያቁሙ፣ እጅዎ ይታይ፣ ጂኦካቺንግ እየተጫወታችሁ መሆኑን ተናግራችሁ ከጠየቀ አፑን አሳዩ። በትምህርት ቤት፣ በመጫወቻ ሜዳና በሰው ግቢ አጥር አጠገብ ያለ ካሽ ቢኖር እንኳ ቡድኑ በአንድ ድምፅ ይለፈው። ደስ የማይል ስሜት የሚሰጥ ቦታ ላይ ያለ ካሽ መፈለግ ግዴታ አይደለም።

ከከተማው ወጣ ሲሉ ጣሪያ ያላቸው ሦስት አሮጌ የእንጨት ድልድዮች በአካባቢው አሉ፦ ሮዲ ሮድ፣ ሎይስ ስቴሽንና ዩቲካ ሚልስ። ካሽ ቢኖርም ባይኖርም ከከተማው ፍለጋ በኋላ፣ ወደ ጫካው ከመግባት በፊት እዚያ ምሳ መብላት ይገባል። የሎይስ ስቴሽን ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1991 ሆን ተብሎ በተለኮሰ እሳት ነዶ በ1994 ተሠርቶ የተከፈተ ስለሆነ፣ የአካባቢው ሰው በድልድዮቹ ላይ የሚደረገውን በንቃት ይመለከታል። በእንጨቱ ላይ አይውጡ፣ በጣውላዎቹ መካከልም አይቆፍሩ።

በስተደቡብ ከሀይዌይ 15 ዳር የካቶክቲን ብረት ማቅለጫ ፍርስራሽ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1776 እስከ 1903 ድረስ ሠርቷል። በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ብረቱን ያቀለጡት በአብዛኛው በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ነበሩ፣ መቃብራቸውም በዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በዚያ የተቀበሩ የ27 ሰዎችን ዘረ መል መርምሮ ዛሬ በአሜሪካ ከሚኖሩ ከ41,000 በላይ ሰዎች ጋር ዝምድና እንዳላቸው አሳይቷል። እዚህ ቦታ ላይ ስልኩን ኪስ ከትቶ የመረጃ ሰሌዳዎቹን ማንበብ ይቀድማል። ወደ መቃብር ግን ለፍለጋ አይገባም።

በጫካ ውስጥ መፈለግ

ከሰዓት በኋላ ወደ ጫካው ሲገቡ በመጀመሪያ ያቆሙትን መኪና ቦታ በስልኩ ላይ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ በአፑ ላይ ያለው ቀስት የሚያሳየውን ቀጥታ መስመር ሳይሆን የተዘጋጀውን የእግር መንገድ ይከተሉ። ቀስቱ ካሹ ሁለት መቶ ሜትር ብቻ ይቀረዋል ቢልም በመካከል ወንዝ ወይም ቋጥኝ ሊኖር ይችላል፤ መንገዱ ዞሮ ያደርሳል። ወደ ከኒንግሃም ፏፏቴ የሚወስደው የታችኛው መንገድ ለልጆችም የሚመች አጭር ነው፤ ፏፏቴው 78 ጫማ ወይም 24 ሜትር ያህል ይወርዳል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የጂኦካቺንግ መጋጠሚያ የሚጻፈው በዲግሪና በደቂቃ ሲሆን ደቂቃው ሦስት የአስርዮሽ ቤት አለው፤ ለምሳሌ የተርሞንት ከተማ በ39 ዲግሪ ከ37.4 ደቂቃ ሰሜን አካባቢ ትገኛለች። በሰሜን ቁጥር የመጨረሻው አኃዝ በአንድ ሲለወጥ በመሬት ላይ 1.85 ሜትር ያህል ነው፤ በምዕራብ ቁጥር በዚህ ኬክሮስ ላይ 1.4 ሜትር ያህል ይሆናል። በሌላ በኩል ስልክ ክፍት ሰማይ ሥር እስከ 5 ሜትር ያህል ይሳሳታል፣ ከዛፍ ሥርና ከቋጥኝ አጠገብ ስሕተቱ ይጨምራል፤ የደበቀው ሰው መሣሪያም የራሱ ስሕተት ነበረው። ስለዚህ ስልኩ ዜሮ ሜትር ያለበትን ነጥብ ብቻ መቆፈር ከንቱ ድካም ነው። ዐሥር ሜትር ሲቀር ቆም ይበሉ፣ ስልኩ እስኪረጋ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይታገሡ፣ ከዚያም ከሦስት አቅጣጫ ቀርበው ቀስቶቹ የሚገናኙበትን ቦታ ይያዙ። ከዚህ በኋላ የሚሠራው ዓይን ነው፤ ስልኩን ኪስዎ ይክተቱት።

የሚፈለገው ተፈጥሮ ያላስቀመጠችው ነገር ነው። አንድ ላይ በአንድ አቅጣጫ የተደረደሩ እንጨቶች፣ ቅርፊት የተደገፈበት የግንድ ቀዳዳ፣ ከሥሩ እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ የሚበቅለው ሞስ የሌለው ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ወደ አንድ ዛፍ ጀርባ የምታመራ ቀጭን የእግር ዱካ ሁሉ የሰው እጅ ምልክቶች ናቸው። በጨዋታው ሕግ ያለ መሬቱ ባለቤት ግልጽ ፈቃድ ካሽ በመሬት ውስጥ ተቀብሮ መደበቅ ስለሌለበት መቆፈር አያስፈልግም። ቀና ብለውም ይመልከቱ፣ በቅርንጫፍ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ ቱቦ ብዙ ነው። ሕጉ ደግሞ ሁለት ካሾች ከ161 ሜትር ባነሰ ርቀት እንዳይቀራረቡ ያዛል፤ ስለዚህ አንዱን ካገኙ በኋላ ሌላው እዚያው አጠገብ ይኖራል ብለው አይልፉ።

ቡድኑ አካባቢውን በአራት ከፍሎ ለየሰው ያድል። ካሹን ቀድሞ ያየ ሰው እጁን ሳይሰድ፣ ሳይናገርም፣ ቀስ ብሎ ርቆ ይቀመጥ። ሌላውም ሲያይ እንዲሁ ያድርግ። የመጨረሻው ሰው እስኪያገኝ ድረስ የተቀመጡት በዝምታ ይጠብቁታል፤ በዚህ ዘዴ ፈጣኑ ሰው ቀኑን ሙሉ ብቻውን አይጫወትም። ሃያ ደቂቃ ካለፈ መግለጫው ሥር ያለውን ፍንጭ ይክፈቱ። ፍንጩ የእንግሊዝኛ ፊደሎችን በዐሥራ ሦስት ቤት በማፈናቀል የተሰወረ ነው፣ አፑ በአንድ ንክኪ ይፈታዋል።

ስለ አደጋዎቹ አጥብቄ እናገራለሁ። በሜሪላንድ መርዛማ የሆኑት እባቦች ኮፐርሄድና ራትልስኔክ ሲሆኑ ሁለቱም በእነዚህ ተራሮች ድንጋዮች መካከል ይኖራሉ። በማይታይ ስንጥቅ ውስጥ እጅ አይሰደድም፤ በመጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ በትር፣ እጅ በመጨረሻ። ፖይዝን አይቪ የሚባለው ሐረግ በአንድ አንጓ ሦስት ቅጠል አለው፣ ቅባቱ ቆዳን ያሳብጣል፤ በክረምት ቅጠሉ ረግፎ እንኳ በዛፍ ግንድ ላይ የሚወጣው ጠጉራም ሐረግ ያው ነው። የነካው ሰው ቶሎ በሳሙና ይታጠብ። ከሁሉ የከፋው ግን የላይም በሽታን የሚያስተላልፈው መዥገር ነው፤ ገና ሳያድግ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም ስለማይበልጥ አይታይም። ከቤት ሳይወጡ ጫማና ሱሪ ላይ ፐርሜትሪን የተባለውን የመዥገር መከላከያ ይርጩ፣ የሱሪውን ጫፍ በካልሲ ውስጥ ያስገቡ።

ሲገኝ የሚደረገው

ትልልቆቹ ካሾች ስጦታ ይይዛሉ፣ በተለይ ልጆች ይጓጓሉ። ደንቡ አንድ ነው፦ የወሰደ በዋጋው እኩል ወይም የተሻለ ያስቀምጥ። ምግብ፣ ስለታም ነገር፣ መድኃኒት፣ ሽታ ያለው ሳሙና አይቀመጥም፤ ሽታ አውሬ ይጠራል፣ ሳጥኑም ተነክሶ ይጣላል። የቁጥር ሰሌዳ የተንጠለጠለበት ዕቃ ካገኙ ትራቭል በግ (Travel Bug) ይባላል፣ ስጦታ አይደለም። ከካሽ ወደ ካሽ የሚጓዝ የሰው ንብረት ስለሆነ፣ ወደ ሌላ ካሽ ቶሎ ለማድረስ ካልቻሉ ባለበት ይተዉት። ወደ ኢትዮጵያ የሚበር ሰው በቡድኑ ካለ ግን የዕቃውን ዓላማ በድረ ገጹ ያንብብ፣ ሩቅ መሄድ የሚፈልግ ዕቃ ብዙ ነው።

ካሹ ሲመለስ ክዳኑ ግጥም ይበል፣ የተነሣው ድንጋይ በነበረበት ፊቱ ይቀመጥ፤ ከበፊቱ የተሻለ ልደብቀው ብሎ ማዛወር ቀጣዩን ፈላጊ ያሳስታል። በዙሪያው የተጣለ ቆሻሻ ካለ በያዙት ፌስታል ይሰብስቡ።

ማታ

ወደ መኪናው ሲመለሱ ተራ በተራ ልብስዎን ይመልከቱ፤ ቤት እንደገቡም ገላዎን ታጥበው ጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ የጆሮ ኋላና የልጆቹን የራስ ፀጉር ይፈትሹ። የተጣበቀ መዥገር በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ተይዞ በቀጥታ ይሳባል፤ ቅባት አይቀባም፣ እሳትም አይለኮስበትም። በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት ወይም የሚሰፋ ቀይ ሽፍታ ከታየ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፣ መዥገር መያዙንም ይንገሩ።

ከዚያ ያገኟቸውንም ያጧቸውንም በድረ ገጹ ላይ ይመዝግቡ። አላገኘንም ብሎ መጻፍ አሳፋሪ አይደለም፤ ካሹን የደበቀው ሰው መጥፋቱን የሚያውቀው በዚህ ነው። ወረቀቱ ሞልቶ፣ ርሶ ወይም ክዳኑ ተሰብሮ ካገኙት ባለቤቱ እንዲያየው የሚጠይቀውን ምልክት ያድርጉለት። ፎቶ ሲለጥፉ የተደበቀበት ቦታ እንዳይታይ ይጠንቀቁ። ለእያንዳንዱ ካሽ ቢያንስ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፣ በአማርኛም ሊሆን ይችላል፦ ከማን ጋር እንደመጣችሁ፣ ቦታው ምን እንደሚመስል። ባለቤቶቹ ይህን ሁሉ ያለ ክፍያ የሚያዘጋጁና የሚጠግኑ ሰዎች ናቸው፣ ጽሑፉም በኢሜይል ይደርሳቸዋል።